በረዶ ላይ የበቀለ ሰሊጥ

ሮዳስ ሥዕሉን መጀመሪያ ያየችው ቀን ያዘነችው ለሳለው ሰው ነው። ምን ያህል ሥራ ቢፈታ ነው እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ የሚስለው? አንድ ነጭ ሜዳ። ከሜዳው ዳር ቅጠላቸውን ያራገፉ ዛፎች። አንዲት የእንጨት ቤት፤ ከጣሪያዋ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጭስ። ግራጫ ወንዝ፣ እሱም የቆመ። ነጭ ነገር ተከናንበው የተቀመጡ ሁለት ክምሮች። ሰው የለ፣ ከብት የለ፣ የሚጮህ ውሻ እንኳ የለ። በቃ፣ ዝም ያለ ነገር። መተማ ዮሐንስ ላይ ደግሞ ዝም ያለ ነገር ተወዶ አያውቅም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«በረዶ» አለቻት ሩፊዳ። «አባቴ ነው የሳለው፣ በዘይት ቀለም። ሩሲያ ተማሪ እያለ ከመኝታ ክፍሉ መስኮት የሚታየው ይሄ ነበር።»

ሮዳስ «ሌላ መስኮት አልነበረውም?» ልትል አፏን ከፈተችና የሴትዮዋን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው። አፍ መዝጋት ለሮዳስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያያት ሰው ቢኖር ይመሰክር ነበር።

ሩፊዳ ካርቱም ላይ መምህርት የነበረች ሴት ናት። ግቢዋ ውስጥ ሀበሾች ተከራይተው ይኖሩ ስለነበር አማርኛው አያስቸግራትም። ጦርነቱ ሲመጣ ጎረቤቶቿ ወርቅና ቴሌቪዥን ተሸክመው ሲወጡ፣ እሷ ያንን ሁሉ ጥላ ይህን ሥዕል በብርድ ልብስ ጠቅልላ ገላባት ደረሰች። ከገላባት ድንበሩን በእግሯ ተሻገረች። ገና ወዲህ ማዶ ከመድረሷ የከተማው ደላላ «ምን የሚሸጥ ይዘሻል?» እያለ ከበባት። ሮዳስ ግን እናቷ ምግብ ቤት በር ላይ ቆማ ነበርና ወንበር አወጣችላት፤ ውሃም ሰጠቻት። ለምን እንደሆነ አትጠይቋት። የዚያን ዕለት ደህና ነገር አድሮባት ነበር።

ሩፊዳ የምትገባው ስደተኞች ካረፉበት ሸራ ቤት ነው። አቧራ አለ፣ ምስጥ አለ፣ ክረምቱም እየመጣ ነው።

«ወደ ጎንደር የሚወስደኝ መኪና እስካገኝ አንች ዘንድ ይቀመጥ» አለች። «አማና ነው።»

«አደራ» አለች ሮዳስ፤ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ይከብዳል።

«ማንም እንዳይነካው።»

«ማን ይነካዋል ብለሽ ነው? እንካችሁ ቢባሉም አይወስዱት።»

ሩፊዳ አልሳቀችም። ሮዳስ ነገሩ የምር መሆኑ ያኔ ገባት።

ልብ በሉ፤ አሥራ አምስት ዓመት በዚህች ምድር ላይ ስትኖር ሮዳስን አንድም ሰው አንድም ነገር አደራ ብሏት አያውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ሳህን ማጠብና ነገር ለሚፈልጓት ሹፌሮች መልስ መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ላይ ጎበዝ ናት። የጓዳውን ቁልፍ እንኳ እናቷ አንገቷ ላይ አስራው ነው የምትተኛው። «የራሷ አፍ ቁልፍ የሌለው ልጅ የሰው ቁልፍ ምን ልታረግ?» ትላለች። ስለዚህ ሮዳስ ሥዕሉን ወሰደችና አልጋዋ ስር፣ ከእህል ማዳበሪያው ጀርባ ከተተችው። ጎንበስ እያለች በእጇ ትዳብሰዋለች። አለ። የማይረባ ነገር ነው፤ ግን አለ። ለሷ የተሰጠ፣ በሷ ቃል ላይ የቆመ የማይረባ ነገር።

እናቷን ውባንችን ደግሞ የሰው ነገር ሲያምራት የሚያህላት የለም። የጎረቤት ወንበር ተውሳ በዓል ታሳልፍና ወንበሩ «የኛ ወንበር» ሆኖ ይቀራል። ሳሎኗ ውስጥ የሞተ ቴሌቪዥን አለ፤ ዳንቴል አልብሳዋለች። እንግዳ ሲመጣ «ዛሬ መብራት የለም እንጂ» ትላለች፤ መብራት ካለ «ዲሹ ነው እንጂ» ትላለች። ከፋሲካ በኋላ ከሽንፋ ሽማግሌ ሊላክባት መሆኑን የሰማች ቀን እንግዲህ ምን እንደሆነች አስቡት። ግድግዳዋ ባዶ መሆኑ ያን ዕለት ታያት።

ሽማግሌው የሚመጣው ለሮዳስ ታላቅ እህት ለጸዳለ ነው። ጸዳለ ከስልኳ ቀና የምትለው ቻርጅ ሲያልቅባት ብቻ ነው፤ ልጁንም ያገኘችው እዚያው ስልኳ ውስጥ ነው። ደረበ ይባላል፤ የአቶ ቢሆነኝ ልጅ ነው። አቶ ቢሆነኝ ሽንፋ ላይ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ፣ ትራክተር ያላቸው፣ ከትራክተራቸውም አብልጠው የሚጮሁ ሰው ናቸው።

ውባንች ቤቱን ስታገላብጥ አልጋ ስር ደረሰች።

«ይሄን የመሰለ ነገር አልጋ ስር?»

«እማየ፣ የሰው ነው!»

«የሰው አይደለም ያለ ማን አለ? ግድግዳ ላይ ሆኖም የሰው ነው።»

«ማንም እንዳይነካው ተብያለሁ።»

«እኔ ማንም ነኝ? የወለድሁሽ እናትሽ ነኝ!» አለች ውባንች ምስማር እየፈለገች። «ሽማግሎቹ እስኪወጡ ነው። እንዲያውም አየር ያግኝ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ታፍኖ ሊበላሽ ነው።»

ሚያዝያ ላይ መተማ ውስጥ አየር ያገኘ ሰው አልታየም፤ ሥዕሉ ግን ሊያገኝ ተሰቀለ።

ሽማግሎቹ የመጡት ቆርቆሮው ከሙቀት ብዛት በሚንጣጣበት ሰዓት ነው። ወጉ ቢሆን አባት ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። አቶ ቢሆነኝ ግን እሳቸው ያልተናገሩበት ነገር የተነገረ ስለማይመስላቸው መጡ። ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሎች ሥራቸው እሳቸውን «ልክ ነው» ማለት ነበር፤ ሥራቸውንም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰውየው ገና ሳይቀመጡ ሥዕሉ ላይ አፈጠጡ።

«ይሄ መሬት የት ነው?»

«ወንድሜ ከካርቱም ያመጣልኝ ነው» አለች ውባንች። ያልተጠየቀችውን ነው የመለሰችው። ወንድሟ ደግሞ ካርቱምን በሕልሙም አያውቃት፤ ጭልጋ ላይ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው ነው።

ሮዳስ ውሃ እያቀረበች ነበር።

«በረዶ ነው» አለች።

«በረዶ?» አቶ ቢሆነኝ ዞር ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ በረዶ አይተሽ ታውቂያለሽ? በረዶ ድንጋይ ነው። የወረደ ቀን ቆርቆሮ ይበሳል፣ በግ ይገድላል። እንዲህ ተነጥፎ ይተኛል? ያውም ይሄ ሁሉ በረዶ ወርዶ የዚች ጎጆ ጣሪያ ደህና?»

«ልክ ነው» አሉ ሁለቱ።

«ዛፉን እዩልኝ። ቅጠሉን ጥሏል። ዛፍ ቅጠሉን የሚጥለው መቼ ነው?»

«በበጋ ነዋ!»

«በበጋ! የመጋቢት ሐሩር ነው ይሄ። ወንዙን እዩት፤ ደርቆ አሸዋ ሆኗል። ጭሱን እዩት፤ ገለባ እያቃጠሉ ነው። ነጩ አመድ ነው። እኒህ ክምሮች ደግሞ የሰሊጥ ሂላ ናቸው፤ አጭደው እንዲደርቅ አቁመውት ሳያራግፉት የቀረ። ወይ ስንፍና!» ጠጋ አሉና ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ ሊያሳርፉ ምንም አልቀራቸውም። «ኧረ አወቅሁት! ከገለጉ ማዶ ያለው ነው። የኔው መሬት ነው እኮ! ጎረምሳ ሆኜ በራሴ እጅ የመነጠርሁት። ያችት የዘበኛዬ ቤት።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለች ውባንች በደስታ። «የናንተው መሬት እኛ ቤት ሲጠብቃችሁ!»

ሮዳስን ያበሳጫት የሰውየው ውሸት ብቻ አይደለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከሹፌር የሰማችው ውሸት ከዚህ ይበልጣል። ያበሳጫት፣ ሰውየው ሲናገሩ ሜዳው ለአፍታ የእውነት አመድ መስሎ ስለታያት ነው። ፊቷን ሙቀት መታት። የሩፊዳን አባት በረዶ አንድ አፈኛ ገበሬ በቆመበት አቀለጠው።

ሰውየው ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ። «ብቻ» አሉ፣ «በደረቀ ማሳ ፊት ቁጭ ብሎ ልጅ መጠየቅ ሆድ አይሞላም። ዝናብ ቢያገኝ ግን፣ እናንተ፣ ሰሊጡን ያየ!»

ከዚያ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ልጃችን ልጃችሁን ይፈልጋል ተባለ፤ ውባንችም ያልጠበቀች መስላ ደነገጠች፤ ከዘመድ ልማከር፣ ለሳምንት ተመለሱ አለች። የተማከረችው ዘመድ የለም። ሳምንቱን ሙሉ የተማከረችው ከዚያች «ዝናብ ቢያገኝ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ለሰውየው ቀልድ ነበር፤ ለሷ ትእዛዝ ሆነ። የደረቀ ማሳ አንጠልጥላ ልጇን ብትድር የልጅቱ ሆድም መሶብም የሚደርቅ መሰላት። ሥዕሉን አውርዳ አልጋ ስር እንዳትመልሰው ደግሞ የሽማግሎቹ ዓይን ገብቶበታል፤ «የት ሄደ?» ቢሏት ምን ልትል ነው? ስለዚህ ሮዳስን እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ሰደደቻትና አለምሰገድን አስጠራችው።

አለምሰገድ የከተማው ሠዓሊ ነው። ባጃጅ ላይ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ጸጉር ቤት በር ላይ ጭንቅላት ይስላል። የሱ ሥዕል ካለበት ጸጉር ቤት ሰው የሚገባው ቀና ብሎ ሥዕሉን ሳያይ ነው። ራሱን «አርቲስት» ብሎ ይጠራል፤ ሌላ የሚጠራው ስለጠፋ ይሆናል።

ወፍጮ ቤት መብራት ጠፍቶ ሮዳስ ተቀምጣ ዋለች። ዱቄቷን ተሸክማ ስትገባ ሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀበላት።

ዛፎቹ ቅጠል አብቅለዋል፤ ቅጠሉ የተደፋ ጎመን ይመስላል። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ነጭ የሰሊጥ አበባ ተረጭቶበታል። ወንዙ የሚያስጠላ ሰማያዊ ነው። ጥግ ላይ ጥርስ ያላት ፀሐይ ወጥታለች። ከቤቲቱ ጎን አንዲት ቀይ ፍየል ቆማ ወደ ሮዳስ ታያለች። ከታች ደግሞ በትልቁ «አርቲስት አለምሰገድ፣ ለማንኛውም ሥራ ይደውሉ» ከነስልክ ቁጥሩ።

ዱቄቱን ያወረደችው እንዴት እንደሆነ አታውቅም።

«ማን ንካ አለህ?»

«ባለቤቷ» አለ አለምሰገድ ብሩሹን እየጠረገ።

«ባለቤቷ ሸራ ቤት ናት!»

«ሮዳስ፣ አፍሽን!» አለች እናቷ።

«ምን ያስቆጣታል? ሰውየው ጀምሮ ትቶት ነበር፤ እኔ ጨረስሁለት። ባዶ መሬት እኮ ነው ያገኘሁት። ፍየሏን ደግሞ በነፃ ነው የጨመርሁ። ሌላውን በግድግዳ ቀለም ነው የሠራሁት፣ እንዲበረክት ውሃ በዛ አርጌ፤ ለሷ ግን የቤት በር ቀብቼ የተረፈ የዘይት ቀለም ነበረኝ፣ አልሰሰትሁም።»

«ፍየል ሳትሆን አንተን ነው የምትመስል።»

«አየሽ፣ ሥነ ጥበብ አይገባትም» አለ አለምሰገድ ወደ ውባንች ዞሮ። ውባንችም አዘነችለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሮዳስ ሳህን ስታጥብ የምታጥበው ሳህን አይታያትም። ሩፊዳ ስትመጣ ምን ትበላት? ሌባ ወሰደው? ቤቱ ተቃጥሎ? ፈታሾች ይዘውት? እያንዳንዱን ውሸት አፏ ውስጥ እያንከባለለች ሞከረችው። ችግሩ የሞከረችው ውሸት ሁሉ በእናቷ ድምፅ ነው የሚወጣው። ሌባው እንኳ «የኛ ሌባ» የሚባል ዓይነት ሆነባት። ሸራ ቤት ድረስ ሄዳ እውነቱን ልትነግራት ተነሳችና ከመንገድ ተመለሰች። በሹፌር ሁሉ ላይ የሚሳለው ምላሷ የት እንደገባ እንጃ።

ሳምንቱ ሞላና ሽማግሎቹ ተመለሱ። አቶ ቢሆነኝ ደፍ ላይ እንደቆሙ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አላልኋችሁም! ይኸው ዘነበበት! ሰሊጤን እዩልኝ!»

«ልክ ነው» አሉ ሁለቱ። ሥዕል ላይ እንዴት እንደሚዘንብ የጠየቀ የለም።

«ፍየሊቱስ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«የኔው ናት እንጂ! ጠፍታብኝ የነበረችው» አሉ ሰውየው።

ጸዳለ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ጓዳ ተቀምጣለች፤ ስልኳን ትነካካለች። ውባንች ዘመዶቿን ሁሉ እንደጠየቀች፣ ሁሉም እሽ እንዳሏት እያወራች ነው። አንደኛው ሽማግሌ ለምርቃት ተነስቶ እጁን ዘረጋ። ይሄኔ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ በሩ ላይም ሩፊዳ የተከናነበችውን የሱዳን ቶብ እየሰበሰበች ቆመች።

ሮዳስ ሮጣ ወጣች።

«መኪና አገኘሁ» አለች ሩፊዳ። ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ መንገዱ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። «አይጠብቀኝም። ስጭኝና ልሂድ።»

ውባንች ከኋላ ደረሰችና የሮዳስን ክንድ ቆነጠጠች። ለሩፊዳ በፈገግታ፣ ለልጇ በጥርሷ መሃል አወራች።

«እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ! ነገ በይያት። ቁልፉ ጠፍቷል በይያት።»

«ነገ እዚህ አልኖርም» አለች ሩፊዳ፤ ሰምታለች። ሮዳስን ነው የምታየው። እናትየዋን አይደለም፣ ቤቱን አይደለም፤ ሮዳስን ብቻ።

ሹፌሩ ጥሩምባውን እንደገና ነፋ።

ሮዳስ ክንዷን አስለቀቀችና ወደ ሳሎን ገባች። ምርቃቱ «አሜን» ላይ ደርሶ ነበር። በሽማግሎቹ መሃል አልፋ፣ የሞተው ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ወጣችና ሥዕሉን ከነምስማሩ ነቀለችው።

«ምን ሁነሻል ልጄ?» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

«ባለቤቷ መጣች።»

«የማን ባለቤት?»

«የዚህ። አደራ ነው። ለኔ ነው የሰጠችኝ፤ እማየ ናት ያወጣችው።»

አደራ ሲባል ሁለቱ ሽማግሎች እንኳ «ልክ ነው» ማለት ረሱ። ሩፊዳ ሮዳስን ተከትላ ገብታ ነበር። ሮዳስ ሥዕሉን አቀረበችላት። ሩፊዳ አየችው። ቅጠሉን፣ ፀሐዩን፣ ፍየሏን፣ ስልክ ቁጥሩን አየች።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

«ይኸው!» ውባንች እጇን ወደ ሰማይ አነሳች። «ራሷ ተናገረች! የሷ አይደለም፣ ኸላስ፣ በቃ! ልጅቱ ተሳስታ ነው፤ ትኩሳት አለባት።»

«የአባቴን ምን አረግሽው?» አለች ሩፊዳ። «ሸጥሽው?»

ሮዳስ በሕይወቷ ሌባ ተብላ ታውቃለች፤ ለሰደባት ሁሉ የሚመጥን ስድብ መልሳ ታውቃለች። አሁን ግን የምትሰድበው ሰው አጣች። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። የእንግዳ እጅ ማስታጠቢያ ውሃ እዚያው ነበር፤ ፎጣውን ነከረችውና ማሸት ጀመረች። የጀመረችው ከስልክ ቁጥሩ ነው።

«ምን እያረገች ነው!» አሉ አቶ ቢሆነኝ። «ሰሊጡን! ሰሊጡን አጠበችው እኮ!»

የአለምሰገድ ቀለም ለመሄድ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። አረንጓዴው በፎጣው መጣ። ሰማያዊው ተከትሎ ወረደ፤ የጠረጴዛውን ልብስ አልፎ የሽማግሎቹ ጫማ ድረስ ፈሰሰ። የፀሐይዋ ጥርሶች ረገፉ። ከስሩ በመጀመሪያ አንድ ቁራጭ ነጭ ታየ፣ ከዚያ ሰፋ። ከጎመኑ መሃል ራቁቱን የቆመ ቅርንጫፍ ወጣ፤ ቀጭን፣ እንደ ፀጉር የተሳለ። ሮዳስ እንዲህ ተጠግታ አይታው አታውቅም ነበር። በየቅርንጫፉ ላይ ሰውየው እያንዳንዷን ነጭ ነጥብ ለብቻዋ አስቀምጧታል። ሥራ የፈታ ሰው እንዲህ አይስልም። ይህን ስታውቅ ይበልጥ ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን ለመለየት ጊዜ አልነበራትም።

ሩፊዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «የአባቴ ዛፍ» አለች።

«የት ነው ይሄ አገር?» ሲል ጠየቀ አንደኛው ሽማግሌ፣ ጫማውን እያነሳ።

«ሩሲያ። አባቴ እዚያ ነው የተማረው። በረዶ ነው።»

ሽማግሌው ወደ አቶ ቢሆነኝ ዞረ። ሌላኛውም ዞረ። አቶ ቢሆነኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ትራክተሩ አልነሳ አለ።

«መሬት ከመሬት ይመሳሰላል» አሉ በመጨረሻ።

«የዘበኛውስ ቤት?» አለች ሮዳስ ፎጣውን እየጨመቀች። «ዘበኛዎ ሩሲያ ድረስ ይመላለሳል?»

«አንች ልጅ!» አለች ውባንች፤ ግን ኃይል የለውም። እሷም ተራዋ መጥቷል። አቶ ቢሆነኝ እያዩዋት ነው።

«ወንድሜ ያመጣው አላልሽም ነበር እናታችን?»

«ያመጣልኝ ሌላ ነው» አለች ውባንች። «ያኛው ጓዳ ነው። ከዚህ ይበልጣል።»

ሁለቱ ተያዩ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንዱ ተቆጥቶ ይነሳ ነበር፤ ጋብቻው ይፈርስ ነበር። ግን ማን ይነሳ? ሰውየው «ውሸታም» ብለው ቢወጡ የገለጉ መሬታቸው ታሪክ ከሳቸው ቀድሞ ሽንፋ ይገባል። ውባንች ብትቆጣ የሰው አደራ መስቀሏ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈገግ አሉ። እንዲህ ተፈላልገው የተገናኙ አማቾች በዚያ ወረዳ ታይተው አያውቁም።

«ምርቃቱ የት ላይ ነበር?» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

«አሜን ላይ» አሉ ሁለቱ ሽማግሎች።

ሮዳስ ሥዕሉን ይዛ ከሩፊዳ ጋር ወጣች። በረንዳው ላይ የቀረውን አብረው ጠረጉት፤ ሩፊዳ በቶቧ ጫፍ፣ ሮዳስ በቀሚሷ። ሹፌሩ ይጮሃል፤ ሩፊዳ አትሰማም። ከወንዙ ጥግ ላይ አረንጓዴ ጥላ ቀረ። ፍየሏ ደግሞ ጭራሽ አልነቃነቅ አለች። በረዶው መሃል፣ ከእንጨቷ ቤት ጎን፣ ቀይ ሆና ቆማለች።

«ይቺ አትለቅም?»

«የበር ቀለም ነው። በኃይል ካሸሁት የታችኛውም ሊመጣ ነው።»

«ተያት።»

ሮዳስ ሥዕሉን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ እስከ ሚኒባሱ ተሸከመችው። ሩፊዳ ገብታ ተቀመጠችና ጉልበቷ ላይ ተቀበለቻት።

«ከካርቱም እዚህ ድረስ ስንት ኬላ አልፏል ይሄ ሥዕል» አለች። «ወታደር ፈትሾታል፤ ሌባ አገላብጦታል። እንዲህ የነካው ግን አልነበረም።»

ሮዳስ ይቅርታ የሚባለውን ቃል ታውቀዋለች፤ ስትጠቀምበት ግን ሁሌም በሹፈት ስለነበር አሁን ብትለው የምር እንዳይመስል ፈራች። ቢሆንም አለችው።

«ይቅርታ።»

ሩፊዳ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገልጣ ፍየሏን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«አባቴ ቢያያት ይስቅ ነበር» አለች። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

ሸፈነችው። ሚኒባሱ አቧራውን ሮዳስ ላይ ደፍቶባት በሽንፋ መታጠፊያ በኩል ወደ ደጋው አቀና። ሮዳስ እጇን አየች፤ ጥፍሯ ውስጥ የአለምሰገድ አረንጓዴ ገብቷል። መሬቱ ላይ አሸችው። አቧራው ላዩ ላይ ተለጠፈ እንጂ አልለቀቀም።

ከቤት እልልታ ተሰማ። ስትመለስ አቶ ቢሆነኝ እግራቸውን ዘርግተው ስለ ትራክተራቸው እያወሩ ነው፤ ሁለቱ ሽማግሎች ልክ ነው እያሉ ነው፤ ጸዳለ ጓዳ ውስጥ «አለቀ» ብላ ለደረበ መልእክት እየላከች ነው። እናቷ ግን ወገቧን ይዛ ግድግዳው ፊት ቆማለች። ባዶው ግድግዳ ላይ የምስማሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

«አስቀያሚ ሆነ» አለች ውባንች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ለሠርጉ ምን እንስቀልበት?»

«ጋሽ ቢሆነኝን» አለች ሮዳስ፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።